ጭድ የጎደለውን መሙላት፦ ፉርሽካን፣ ፋጉሎን፣ ሞላሰስንና አተላን ለላምና ለበግ አመጣጥኖ መመገብ

በጋው ሲገፋ በብዙ የወተት ላም ባለቤቶች ግቢ የሚታየው ተመሳሳይ ነው። ጭዱ ተከምሯል፣ ላሟ ግን ትከሳለች፤ ስምንት ሊትር የነበረው ወተት አምስት ይሆናል። ባለቤቱ ደንግጦ ፉርሽካ (ስንዴ ሲፈጭ የሚቀረውን ገለፈት) ይገዛል። ወተቱ ትንሽ ከፍ ይልና ይቆማል። ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣ የሚቀረውን) ይጨምራል፣ ወጪው ይንራል፣ በወሩ መጨረሻ ሒሳቡ አይገጥምም። እኔም በዚህ መንገድ ዓመታት ሄጃለሁ። ከወፍጮ፣ ከዘይት መጭመቂያ፣ ከስኳርና ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው ተረፈ ምርት እያንዳንዱ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሳላውቅ በጆንያ ቁጥር እገዛ ነበር። ቀጥሎ ያለው አሠራር ሁለትና ሦስት ላም ላለው፣ ለበዓል ጥቂት በግ ለሚያደልብ ሰው የተጻፈ ነው። ሚዛን፣ አካፋ፣ ሸራና አንድ ደብተር ይበቃዋል።

መነሻው ጭዱ ነው

ላም፣ በግና ፍየል የሚበሉትን ቀድመው የሚቀበሉት በትልቁ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው። ጭዱን የሚሰባብሩት እነርሱ ናቸው፤ ኋላም ራሳቸው ወደ አንጀት ወርደው ለላሟ ፕሮቲን ይሆናሉ። እነዚህ ሕዋሳት ለመርባት ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። እንስሳው ከሚበላው መኖ ደረቅ ክብደት (ውኃው ሳይቆጠር ማለት ነው) ቢያንስ 7 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ካልሆነ ሕዋሳቱ ይደክማሉ፣ ጭዱ በጨጓራ ውስጥ ይከርማል፣ ላሟም ሆዷ ሞልቶ ትራባለች።

የስንዴ ጭድ ፕሮቲኑ ከ3 እስከ 4 በመቶ ነው። የጤፍ ጭድ ይሻላል፣ ከ4 እስከ 5 በመቶ ይደርሳል። ዘግይቶ የታጨደ ድርቆሽም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ በጭድ ላይ የምትጨመረው የመጀመሪያዋ ኪሎ ፋጉሎ ሁለት ሥራ ትሠራለች፦ ራሷ ምግብ ትሆናለች፣ ደግሞም ላሟ ተጨማሪ ጭድ እንድትበላና የበላችውን እንድታብላላ ታደርጋለች። አምስተኛዋ ኪሎ ይህን አታደርግም። ገንዘብ ያጠረው ሰው ለአንዲት ላም አምስት ኪሎ ሰጥቶ ሌሎቹን ባዶ ጭድ ከሚያበላ፣ ለሁሉም ጥቂት ጥቂት ቢያዳርስ ያተርፋል የምለው ለዚህ ነው።

አንደኛ፦ በጆንያው ውስጥ ያለውን ይወቁ

ተረፈ ምርቶችን በሦስት ክምር ለይቼ አያቸዋለሁ፦ ፕሮቲን ለማምጣት የሚገዙ፣ ኃይል ለማምጣት የሚገዙ፣ እና ሆድ ለመሙላት ብቻ የሚሆኑ። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው የአንዱን ሥራ ከሌላው ስንጠብቅ ነው።

ፋጉሎ የፕሮቲን መኖ ነው። በአገራችን ቀዳሚው የኑግ ፋጉሎ ሲሆን ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ አካባቢ ፕሮቲን አለው፤ እንደ ኑጉ ንጽሕናና እንደ መጭመቂያው ከዚህ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። በትንንሽ መጭመቂያዎች የሚወጣው ፋጉሎ ውስጥ ዘይት ስለሚቀር ኃይሉም ጥሩ ነው። ዘይቱ በኬሚካል ተሟጥጦ ከወጣለት ደግሞ ፕሮቲኑ ከፍ፣ ኃይሉ ዝቅ ይላል። የተልባ ፋጉሎ ከኑግ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ፀጉር ያለሰልሳል፣ የሚደለብ እንስሳ ይወደዋል። ነገር ግን ተልባ በተፈጥሮው ሲያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ስላለው ለብ ባለ ውኃ ነክረው አያሳድሩት፤ ደረቁን ይስጡት። የሰሊጥ ፋጉሎ ከተገኘ ከኑጉ በፕሮቲን ይበልጣል። የለውዝ ፋጉሎም እንዲሁ ከፍተኛ ፕሮቲን አለው፤ ሻጋታ ግን ቶሎ ስለሚይዘው በዝናብ ወራት አልገዛውም።

የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቅርፊቱ ያልተላጠው 25 በመቶ አካባቢ፣ የተላጠው እስከ 40 በመቶ ፕሮቲን አለው፤ ስለዚህ ሻጩን «ከነቅርፊቱ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ የዋጋ ጥያቄ ነው። በውስጡ ያለውን ጎሲፖል የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር የጎልማሳ ላም ጨጓራ በመጠኑ ያመክነዋል፤ የጥጃ ሆድ ግን ገና አልተዘጋጀም። ለጥጃ የጥጥ ፋጉሎ አይስጡ። የጎመን ዘር ፋጉሎ ፕሮቲኑ ጥሩ ቢሆንም የእንቅርት ዕጢን የሚያውክ ንጥረ ነገር ስላለው ከሌላ ፋጉሎ ጋር በጥቂቱ እንጂ ብቻውን አይሆንም። የጉሎ ፍሬ ተረፈ ምርት ደግሞ መርዝ ነው፤ ስሙ ከፋጉሎ ጋር ቢቀራረብም ወደ ገንዳ ፈጽሞ አይቅረብ።

ፉርሽካ በመካከል ይቆማል። ፕሮቲኑ ከደረቅ ክብደቱ ከ16 እስከ 17 በመቶ ነው፣ ኃይሉም ጥሩ ነው፣ እንስሳት ይወዱታል። ፉርሽኬሎ የሚባለው ደቃቁ ተረፈ ምርት ዱቄት ስለሚበዛበት ኃይሉ ይበልጣል። ጉድለታቸው በማዕድን በኩል ነው፦ ፉርሽካ ፎስፈረስ ሞልቶታል፣ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ብዙ እጥፍ ነው። በወተት የምታወጣው ላም ካልሲየም ይጎድላታል፤ በሚደለብ ወንድ በግና ሙክት ላይ ደግሞ በሽንት ቧንቧ ጠጠር ይሠራል። ተገትሮ የሚያምጥ፣ ጠብ ጠብ የሚያደርግ በግ ካዩ ጠጠሩን ይጠርጥሩ። መድኃኒቱ አስቀድሞ የሚጨመር የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ለግድግዳ ቅብ የሚሆነው የሚያቃጥለው ኖራ አይደለም፤ ለመኖ የሚሸጠው የተፈጨ ጥሬ ድንጋይ ነው።

በፎገራና በወረታ አካባቢ ያሉ ሰዎች የሩዝ ብጣሪ (ሩዙ ሲፈተግ የሚወጣውን ደቃቅ) በቅርብ ያገኛሉ። ዘይት ስለሚበዛበት ኃይል ይሰጣል፤ በዚያው ምክንያት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻግታል፣ ይከረፋል። ትኩሱን ገዝተው ቶሎ ይጨርሱት። ከወፍጮው ሲወጣ ቅርፊት የተቀላቀለበት ከሆነ በእጅ ሲታሽ ይሻክራል፤ ያ ቅርፊት ምግብ አይደለም።

ሞላሰስ የኃይል መኖ ነው። ከወንጂ፣ ከመተሐራ፣ ከፊንጫና ከሌሎቹ የስኳር ፋብሪካዎች የሚወጣ ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ ሲሆን ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው፤ ፕሮቲኑ ግን ከ5 በመቶ አይበልጥም። ወተት ሲቀንስ ሞላሰስ ብቻ የሚጨምር ሰው ኃይል ላልጎደለው እንስሳ ኃይል ይሰጣል። ትልቁ ጥቅሙ ጭድን ማጣፈጡ ነው፦ አንዱን እጅ ሞላሰስ በሁለት እጅ ውኃ በጥብጠው በተከተፈ ጭድ ላይ ቢረጩ ላሟ የተወችውን ጭድ ትመለስበታለች። አቧራውንም ይቀንሳል። ከጠቅላላው ድብልቅ ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዳያልፍ፤ ከዚያ በላይ ሆድ ያላላል።

የቢራ ብቅል ተረፈ ምርትና አተላ የብዙዎቻችን ስሕተት የሚበዛባቸው ናቸው። በደብረ ብርሃን፣ በጎንደር፣ በሰበታ፣ በበደሌ ወይም በሐረር አካባቢ ያለ ሰው ለቢራ ፋብሪካ ቅርብ ነው። የብቅሉ ተረፈ ምርት ከደረቅ ክብደቱ 25 በመቶ አካባቢ ፕሮቲን አለው፤ ይህ ከፉርሽካ በጣም ይበልጣል። ነገር ግን እርጥቡ ከአራት ኪሎ ውስጥ ሦስቱ ውኃ ነው። አተላም እንዲሁ፤ ከ10 ኪሎ አተላ ውስጥ ስምንት ያህሉ ውኃ ነው። የአርሲ ነገሌ የአረቄ አተላ ብዙ ሰንጋ ያደለበ፣ ቤተሰብ ያኖረ መኖ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ያደለበው ግን ከድርቆሽና ከጭድ ጋር ተሰጥቶ፣ ቀስ በቀስ ተለምዶ፣ ትኩስነቱ ሳያልፍ ነው። አድሮ የኮመጠጠና አረፋ ያነሣ አተላ ለእርጉዝ ላምና ለጥጃ አይሰጥም። ትንሽ ቅንጣት ጨው ቢታከልበት ይመረጣል፤ በአተላው ላይ ተማምኖ ንጹሕ ውኃ መንፈግ ግን ጥፋት ነው።

የክክ ገለፈት፣ የቡና ገለፈትና የሸንኮራ አገዳ ገለባ ሦስተኛው ክምር ናቸው። የምስርና የአተር ገለፈት የክክ ስብርባሪ ስለሚኖረው ከጭድ ይሻላል። የቡናው ገለፈት ታኒንና ካፌይን ስላለበት ከጥቂት በላይ አይበላም፤ የአገዳው ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ አይቀልብም።

ሁለተኛ፦ ዋጋን በፕሮቲን ይለኩ

የጆንያ ዋጋ ያታልላል። ትክክለኛው ጥያቄ «አንድ ኪሎ ፕሮቲን በስንት ብር ገዛሁ?» የሚለው ነው። አሠራሩ ይህ ነው፦ የአንድ ኪሎውን ዋጋ፣ ደረቅ ክብደቱ በፕሮቲን ድርሻው ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ያካፍሉ።

ስሌቱን ለማሳየት ብቻ ዋጋ እናስብ። የኑግ ፋጉሎ ኪሎው 40 ብር ቢሆን፦ ደረቅ ክብደቱ 0.92፣ ፕሮቲኑ 0.30፤ ሲባዛ 0.276። 40 ለ0.276 ሲካፈል 145 ብር ገደማ። እርጥብ የቢራ ብቅል ተረፈ ምርት ኪሎው 8 ብር ቢሆን፦ 0.22 ሲባዛ በ0.26፣ 0.057 ይሆናል፤ 8 ለ0.057 ሲካፈል 140 ብር ገደማ። በዓይን ሲታይ አምስት እጥፍ የረከሰው መኖ በፕሮቲን ሲለካ እኩል ሆነ! የመኪና ኪራይ ሲጨመርበት ደግሞ ሊወደድ ይችላል፤ የሚጓጓዘው አብዛኛው ውኃ ነውና። ፉርሽካ በ30 ብር ቢገኝ፣ 0.89 በ0.16 ተባዝቶ 0.142፣ የአንድ ኪሎ ፕሮቲን ዋጋው 211 ብር ይመጣል። ስለዚህ ፉርሽካ የሚገዛው ለኃይሉና ለሚዛናዊነቱ እንጂ ለፕሮቲኑ አይደለም። በየገበያው ቀን የዕለቱን ዋጋ እየተኩ ይህን ስሌት በደብተርዎ ይሥሩት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሦስተኛ፦ ሲገዙ ይመርምሩ

አንድ ጊዜ ከገበያው ዋጋ ዝቅ ብሎ ያገኘሁትን ፋጉሎ ደስ ብሎኝ ጭኜ መጣሁ። ቤት ስፈታው የጆንያው መሐል ሞቋል፣ ቁርጥራጩ ሲሰበር ውስጡ አረንጓዴ ግራጫ አቧራ አለው። «ፀሐይ ላይ ይሰጣ» ተባልሁ። ፀሐይ ሻጋታውን ያደርቃል፤ ሻጋታው ያመረተውን አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ግን አያጠፋውም። ጉዳዩ የላሟ ብቻ አይደለም። ላሟ የበላችው አፍላቶክሲን ተለውጦ በአንድ ቀን ውስጥ ወተት ላይ ይታያል፣ ወተቱን ማፍላትም አያስወግደውም። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተካሄደ ጥናት ከመረመራቸው 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም ይህ ነገር የተገኘባቸው ሲሆን፣ 29ኙ በሊትር ከ0.5 ማይክሮ ግራም በላይ ነበሩ፤ ዋናው ምንጭም የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል። ያን ወተት የሚጠጡት የእኛ ልጆችና የጎረቤት ልጆች ናቸው። የሻገተ ፋጉሎ በርካሽ አይገዛም፣ ለበግም አይተላለፍም፣ ከደኅናው ጋር ተቀላቅሎ አይመናመንም፤ ይቀበራል።

ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ጆንያውን ከላይ ብቻ አይዩ። እጅዎን እስከ ክንድ ወደ መሐሉ ይስደዱ፤ ከሞቀ ወይም ከረጠበ ይተዉት። የፋጉሎውን ጠፍጣፋ ቁራጭ ሰብረው ውስጡን ያሽትቱ፤ ጥሩ ፋጉሎ የተቆላ ኑግ ይሸታል። ጥቁር ሆኖ ያረረ ከሆነ በመጭመቂያው ሙቀት ፕሮቲኑ ተጎድቷል። ፉርሽካን በመዳፍ ጨብጠው ይልቀቁት፤ ተጣብቆ ከቀረ እርጥበት አለው። አንድ እፍኝ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ በትነው ጥቂት ይጠብቁ፤ አፈርና አሸዋ ከታች ይዘቅጣል። ሰጋቱራ የተቀላቀለበት በጥርስ ሲታኘክ እንጨት እንጨት ይላል እንጂ የዱቄት ጣዕም አይሰጥም። ብዙ የሚገዛ ማኅበር ከሆናችሁ ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ መላክ ይከፍላል፤ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የእንስሳት መኖ ምርመራ ከሚደረግባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

አራተኛ፦ ይቀላቅሉ

ለወተት ላም ግባችን 18 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያለው ድብልቅ ነው። ለምን 18? አንድ ሊትር ወተት ለመሥራት ላሟ ወደ 5 ሜጋ ጁል ኃይልና ከ80 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን ትፈልጋለች። ጥሩ ድብልቅ በኪሎ 10 ሜጋ ጁል ያህል ስለሚሰጥ ግማሽ ኪሎው የአንድ ሊትሩን ኃይል ይሸፍናል። ያ ግማሽ ኪሎ 90 ግራም ፕሮቲን እንዲይዝ ደግሞ ድብልቁ 18 በመቶ መሆን አለበት። «ለአንድ ሊትር ግማሽ ኪሎ» የሚለው የታወቀ ምክር የመጣው ከዚህ ነው፤ ድብልቁ ደካማ ከሆነ ምክሩም አይሠራም።

ፉርሽካና ፋጉሎ ብቻ ካለዎት መጠኑን እንዲህ ያውጡ። ከነእርጥበታቸው የፉርሽካን ፕሮቲን 15 በመቶ፣ የኑግ ፋጉሎን 28 በመቶ ብለው ይያዙ። ጨውና ኖራ ስለሚያቀጥኑት ግቡን 19 ያድርጉ። ከ28 ላይ 19 ሲቀነስ 9፤ ይህ የፉርሽካው እጅ ነው። ከ19 ላይ 15 ሲቀነስ 4፤ ይህ የፋጉሎው እጅ ነው። ዘጠኝ እጅ ፉርሽካ፣ አራት እጅ ፋጉሎ። ለአንድ ኩንታል ሲሠራ 67 ኪሎ ፉርሽካ፣ 30 ኪሎ ፋጉሎ፣ 2 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ 1 ኪሎ ጨው። ሞላሰስ ካገኙ ደግሞ 50 ፉርሽካ፣ 35 ፋጉሎ፣ 12 ሞላሰስ፣ 2 የኖራ ድንጋይ ዱቄትና 1 ጨው ያድርጉት። ሞላሰሱ የፉርሽካውን ቦታ ስለወሰደና ፕሮቲኑ ጥቂት ስለሆነ ፋጉሎው ከፍ ማለቱን ልብ ይበሉ።

አቀላቀሉ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጨውና ኖራው በአንድ ጥግ ከቀረ አንዷ ላም ሁሉንም ትልሳለች፣ ሌላዋ ምንም አታገኝም። መጀመሪያ ሁለቱን ከአምስት ኪሎ ፉርሽካ ጋር በባልዲ ያዋሕዱ። ፋጉሎው ጠጣር ከሆነ ይከስከሱት ወይም ያስፈጩት። በንጹሕ ሸራ ላይ ፉርሽካውን ዘርግተው ፋጉሎውን በላዩ፣ የማዕድኑን ድብልቅ በላዩ ይበትኑ፤ በአካፋ ከአንድ ጎን ወደ ሌላ ጎን ቢያንስ አራት ጊዜ ያዙሩት። ሞላሰስ ካለ በጥቂት ውኃ አቅጥነው በመጨረሻ ይረጩ፤ ያ ድብልቅ ግን በሳምንት ውስጥ ያልቅ።

አምስተኛ፦ ይስጡ

አሥር ሊትር የምትታለብ 400 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ድቅል ላም እንውሰድ። በቀን ከክብደቷ 3 በመቶ ያህል፣ ማለትም 12 ኪሎ አካባቢ ደረቅ መኖ ትበላለች። ከዚህ ውስጥ 8 ኪሎ የሚሆን ድርቆሽና ጭድ ራሷን ያኖራታል፤ 5 ኪሎው ድብልቅ ወተቱን ይሠራል። አምስቱን ኪሎ በአንድ ጊዜ አይስጡ፤ ጠዋትና ማታ በማለቢያ ሰዓት፣ ከተቻለም ሦስት ጊዜ ይከፋፈል። ሁልጊዜ ጥቂት ድርቆሽ ወይም ጭድ ከቀመሰች በኋላ ይሁን። ከጠቅላላው ደረቅ መኖ ቢያንስ 40 በመቶ የሚያመሰኳት ገለባ ካልሆነ ጨጓራዋ ይኮመጥጣል፣ የወተቱ ቅቤ ይቀንሳል፣ ኋላም ሰኮናዋ ይታመማል።

አዲስ መኖ ሁሉ ቢያንስ ከ10 እስከ 14 ቀን ወስዶ ይለመዳል። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ኪሎ፣ ከዚያ በየሁለት ቀኑ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ይጨምሩ። ረቂቅ ሕዋሳቱ ለአዲሱ ምግብ የሚስማሙት እስኪበዙ ጊዜ ይፈልጋሉ። እርጥብ የቢራ ብቅል ተረፈ ምርት የሚሰጡ ከሆነ በቀን ከ10 እስከ 15 ኪሎ ድረስ ቀስ ብለው ይድረሱ፤ አራት ኪሎው የአንድ ኪሎ ድብልቅ ቦታ እንደሚወስድ አስበው ድብልቁን ይቀንሱ። ውኃ በቀን ከ50 እስከ 60 ሊትር፣ በሙቀት ወራትም ከዚያ በላይ ያስፈልጋታል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ብዙ ሰውም ድብልቁን በአንድ ቀን ያቋርጣል። በወለደች በሁለትና በሦስት ወሯ ላይ ያለች ላም እንዲህ ከተቋረጠባት የወረደው ወተቷ ከፋሲካ በኋላ ወደነበረበት አይመለስም፤ ከስታም በኮርማ መጠቃት ይዘገይባታል። መቀነስ ግድ ከሆነ ልትደርቅ ከተቃረቡት ይጀምሩ።

ለሚደለብ በግ ሁለት እጅ ፉርሽካና አንድ እጅ ፋጉሎ፣ ከመቶ ሁለት ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና አንድ ኪሎ ጨው ተጨምሮበት ይበቃል። ከ20 እስከ 25 ኪሎ የሚመዝን በግ ድርቆሽ እንደልቡ እያገኘ በ100 ግራም ይጀምር፤ በየሦስት ቀኑ 50 ግራም እየተጨመረ 300 ግራም ላይ ይርጋ። የማድለቢያው ጊዜ 90 ቀን ቢሆን አንድ በግ 27 ኪሎ አካባቢ ይጨርሳል፤ ለአሥር በግ 270 ኪሎ ሳያዘጋጁ አይጀምሩ፤ በመሐል መኖ ያለቀበት ድልብ ያተረፈውን ይመልሳል። ለገና የሚሸጥ ከሆነ መስከረም 29 ላይ ገንዳ መግባት አለበት። ከመጀመርዎ በፊት የውስጥ ጥገኛ ትል መድኃኒት ይስጡት፤ አለዚያ ፋጉሎውን የሚበላው ትሉ ነው።

ስድስተኛ፦ ያቆዩ

ደረቁን መኖ ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ክንድ ያህል አርቀው ይደርድሩ። በላስቲክ አይሸፍኑት፤ ላብ ይይዛል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ለክረምት ብዬ የማከማቸው ከሆነ በጥርና በየካቲት፣ አዲስ ኑግ ከተሰበሰበ በኋላ፣ አየሩ ደረቅ ሳለ እገዛለሁ፤ በሐምሌ የተገዛ ፋጉሎ እርጥበት ይዞ ይመጣል።

እርጥቡ የቢራ ብቅል ተረፈ ምርት በሞቃት ቦታ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ይበላሻል። መኪና ሙሉ የሚያመጣ ሰው እንዲህ ያቆየው፦ ለመቶ ኪሎው ከ5 እስከ 10 ኪሎ ደረቅ ፉርሽካ ወይም የደቀቀ ጭድ ቀላቅሎ የሚወጣውን ፈሳሽ ያስመጥጥ። በንጹሕ በርሜል ወይም ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ስንዝር ስንዝር እያደረገ በእግሩ አጥብቆ ይርገጥ፤ በመሐል አየር የቀረበት ቦታ ሁሉ ይሻግታል። ላዩን በላስቲክ ገጥሞ ድንጋይ ወይም አፈር ይጫንበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲከፈት ደስ የሚል ኮምጣጣ ሽታ ይኖረዋል። በየቀኑ ከላይ አንድ ስንዝር ያህል ማንሳትና መልሶ መሸፈን ነው።

ሰባተኛ፦ ፋጉሎ ለማይደርስበት ሰው የሚላስ ጡብ

በገጠር፣ ከመጭመቂያ ርቆ ጭድ ብቻ ላለው ሰው የዩሪያና የሞላሰስ ጡብ ትልቅ ነገር ነው። ዩሪያ ለረቂቅ ሕዋሳቱ ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ሞላሰሱ ኃይል ይሰጣል፤ ጥንካሬው ደግሞ ላሟ ቀስ ብላ እንድትልሰው ያስገድዳል። ለመቶ ኪሎ፦ ሞላሰስ 40፣ ፉርሽካ 25፣ ፋጉሎ 10፣ ዩሪያ 10፣ ሲሚንቶ 10፣ ጨው 5። ዩሪያው ድብልብሉ ሁሉ ተፈርክሶ በሞላሰሱ ውስጥ እስኪሟሟ ይማሰል፤ ጨውና ሲሚንቶ ይከተላል፤ በመጨረሻ ፉርሽካውና ፋጉሎው። በቅርጽ ሣጥን ውስጥ ተጠቅጥቆ ያድር፤ ከወጣ በኋላ በጥላ ሥር ሁለት ሳምንት ይድረቅ። አውራ ጣት ሲጫነው የማይሰረጉድ መሆን አለበት።

ዩሪያ ይገድላል። ጡቡን ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃ አይስጡ፤ በባዶ ሆድ አይስጡ፤ ሰባብረው ወይም በውኃ በጥብጠው አይስጡ፤ ዝናብ እንዳይመታው ይከልሉ። የጎልማሳ ላም ልክ በቀን ከ500 እስከ 700 ግራም፣ የበግ 100 ግራም ነው። ከላሰች በኋላ የምትንቀጠቀጥ፣ ለሃጭ የምታዝረበርብ፣ ሆዷ የተነፋና ትንፋሽ ያጠራት ላም ካለች ደቂቃም አያባክኑ፤ ከሁለት እስከ አራት ሊትር አቼቶ ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር በጥንቃቄ እየጋቱ የእንስሳት ሐኪም ያስጠሩ።

ስምንተኛ፦ ላሟን ያንብቡ

ድብልቅ በለወጡ ቁጥር የሦስት ቀን ወተት ከለውጡ በፊት፣ የሦስት ቀን ወተት ከለውጡ ሁለት ሳምንት በኋላ ይመዝግቡ። ከዚያ በፊት አይፍረዱ። እበቷንም ይመልከቱ፦ ውኃ የሆነና አረፋ ያለው እበት ድብልቁ እንደበዛ ይናገራል፤ ደርቆ የተቆለለ እበት ፕሮቲን ወይም ውኃ እንዳነሰ። በእበቱ ውስጥ ያልተፈጨ የፋጉሎ ስባሪ ከታየ በደንብ ይከስከስ። ተኝተው ከሚያርፉት ላሞች አብዛኞቹ የሚያመሰኩ ካልሆኑ ገለባው አንሷል። እኔ በደብተሬ በአንዱ ገጽ የዕለቱን ወተት፣ በትይዩው ገጽ የተሰጠውን ኪሎና ዋጋውን እጽፋለሁ፤ አንድ ኪሎ ጨምሬ ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ ሁለት ሊትር ካላገኘሁ ያቺን ኪሎ በማግሥቱ አነሣና ሌላ ላም ገንዳ ላይ እሞክራታለሁ።